ለዘጠነኛ ክፍል ልጆቻችን ማደሪያ ይሠራላቸው

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣
ለምሥራቅ፣ ለምዕራብና ለሰሜን ጎጃም ዞኖች እንዲሁም ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ትምህርት መምሪያዎች፣
በአገር ውስጥም በውጭም ለምትኖሩ የጎጃም ተወላጆች በሙሉ፣

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጠይቀውን ከፊት ላስቀድም። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ መጥተው ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች ማደሪያ ቤት ይሠራላቸው። ቤቱ እስኪሠራ ደግሞ የቤት ኪራይና የስንቅ ድጎማ ይሰጣቸው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደምጠይቅ የሚያስረዳ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬአለሁ። መስከረም ላይ የዘጠነኛ ክፍል ስም ዝርዝር ሲመጣልን ሴቶቹ ብዙ ነበሩ። ጥር ሲያልፍ ወንበሩ ይሳሳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ጥርና ሚያዝያ የሰርግ ወራት መሆናቸውን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። የቀረችውን ልጅ ጓደኞቿን ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። «ተዳረች» ይሉናል። አንዳንዴም «አዲስ አበባ ሰው ቤት ገባች» ወይም «አረብ አገር ልትሄድ ፕሮሰስ ጀምራለች» ይሉናል።

ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ሲወራ ቶሎ የሚወቀሰው ገበሬው አባት ነው። ኋላ ቀር ነው፣ ልጁን በማጫ ይለውጣል ይባላል። እኔ ግን ብዙዎቹን አባቶች አውቃቸዋለሁ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ አነጋግሬአቸዋለሁ። ልጃቸውን ሊያስወጡ ሲመጡም አነጋግሬአቸዋለሁ። ብዙዎቹ ልጃቸው እንድትማር ይፈልጋሉ። የሚያስፈራቸው ትምህርቱ ሳይሆን ልጅቱ የምታድርበት ቤት ነው። ይህን ፍርሃት እስካልመለስንላቸው ድረስ የፈለግነውን ያህል ስብሰባ ብንጠራ፣ ባነር ብንሰቅል ለውጥ አይመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ቀበሌ ገብቷል። ልጅቱ ማለዳ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ እየተመላለሰች እስከ ስምንተኛ ትማራለች። ሚኒስትሪ ታልፋለች። ዘጠነኛ ክፍል ግን ያለው ብዙውን ጊዜ ከተማ ነው። ከጮቄ ተራራ ሥር ወይም ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላለች ልጅ ይህ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ተመላልሳ አትችለውም። ስለዚህ ቤት ትከራያለች።

ቤት ማለት አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ሦስት አራት ልጆች ተዳብለው ይይዟታል። መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ ይተኛሉ። እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ያጠናሉ። አርብ ከሰዓት ወደ አገር ቤት ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ እንጀራ ነው፣ ድርቆሽ ነው፣ በሶ ነው፣ ትንሽ ሽሮና በርበሬ ነው። ሐሙስ ላይ ያልቃል። ሐሙስ ከሰዓት የሚያስተምር መምህር ሁሉ የልጆቹን ፊት ያውቀዋል።

ይህ ችግር የወንዱም ነው። ሴቷ ላይ ግን የሚደረብ ነገር አለ። ከወንድሟ ጋር ከተከራየች ለእሱም አብሳይ እሷ ናት። እሱ ሲያጠና እሷ ወጥ ትሠራለች። የወር አበባዋ ሲመጣ ሞዴስ የምትገዛበት ገንዘብ የላትም፤ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውስጥም ውኃ የለም። ስለዚህ በየወሩ ቀናት ትቀራለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን በሩ ነው። የክፍሏ በር በሽቦ የሚታሰር፣ ቢገፉት የሚከፈት ነው። ማታ ሰክሮ የሚያንኳኳ አለ። ኪራዩን ምክንያት አድርጎ የሚቀርብ አከራይ አለ። አርብና እሑድ በምትሄድበት ጭር ያለ መንገድ ላይ የሚጠብቃት አለ። አባትየው ይህን ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን በልጁ ላይ ጉዳት ቢደርስ ማንም እንደማይጠየቅለትም ያውቃል።

ታዲያ ይህ አባት ሽማግሌ ሲላክበት ምን ይበል? ከፊቱ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በሩ የማይዘጋ የኪራይ ቤት ነው። ሌላው የሚታወቅ ቤተሰብ፣ የሚታወቅ ወንድ ልጅ፣ በሬና ላም ያለው ጎጆ ነው። «ሳልሞት ለወግ ላብቃት» ይላል። እኔ በምርጫው አልስማማም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሚስት መሆን የለባትም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648ም ያለዕድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል። ሕጉ ይከበር። ግን አባትየው ሦስተኛ ምርጫ እንዲኖረው ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ሦስተኛው ምርጫ ቁልፍ ያለው ማደሪያ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ ሌላው ዓለም ያየውን ልንገራችሁ።

በሰሜን ሕንድ ቢሃር የሚባል ግዛት አለ። ድሀ ነው፣ ገጠር ነው፣ ሴት ልጅ በለጋነቷ የምትዳርበት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የግዛቱ መንግሥት ዘጠነኛ ክፍል ለምትገባ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በኋላ ተመራማሪዎች ውጤቱን ለኩት። ለክፍሉ በሚመጥን ዕድሜ ሁለተኛ ደረጃ የሚመዘገቡ ሴቶች ቁጥር 32 በመቶ ጨመረ። በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነትም 40 በመቶ ጠበበ። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ በራቀባቸው መንደሮች ነው። ልብ በሉ፣ እዚያም የተሰበረው ድልድይ ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል መካከል ያለው ነው። የጮቄን ዳገት በብስክሌት መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው መፍትሔ ማደሪያ ነው። መርሑ ግን አንድ ነው፤ ርቀቱን ከልጅቱ ትከሻ ላይ አንሱላት።

ባንግላዴሽም አለች። በ1994 እ.ኤ.አ. በመላ ገጠሯ ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ድጎማ መክፈል ጀመረች። ሦስት ነገር ጠየቀች፦ ከትምህርት ቀኑ 75 በመቶ ተገኚ፣ በፈተና 45 በመቶ አምጪ፣ እስከዚያው አታግቢ። በ1991 1.1 ሚሊዮን የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በ2005 3.9 ሚሊዮን ደረሱ። ባንግላዴሽ ያኔ ሀብታም አልነበረችም። ጎርፍና ረሃብ የሚፈራረቁባት አገር ነበረች። ገንዘቡም ብዙ አልነበረም። ግን በየወቅቱ በልጅቷ ስም ይመጣ ነበር። አባትየው «ልጄ ገቢ አላት» ማለት ጀመረ።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እንይ። ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በክልላችን ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮጀክት ተሞክሯል። ከ10 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፤ የሚሰበሰቡበት ቡድን ተቋቋመላቸው። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለቆየ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ፍየል ይሰጥ ነበር። ውጤቱ ያስገርማል። የዚያ ቀበሌ ትንንሽ ልጃገረዶች፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት፣ ፕሮጀክቱ ካልደረሰበት ቀበሌ እኩዮቻቸው ይልቅ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ። አንዲት ፍየልና ጥቂት ደብተር ይህን ያህል ሠሩ።

ጥናቱ ግን ሌላም ነገር ነበረው፤ ብዙ ጊዜ የማይነሳው ይኼኛው ነው። በዚያው ቀበሌ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ላይ ጋብቻው ከንጽጽር ቀበሌው በልጦ ተገኘ። እኔ ይህን ሳነብ አልገረመኝም። ድጋፉ ትንንሾቹን ያቆያል፤ ከፍ ያለችውን ልጅ ካልያዛት ግን ሰርጉ ይመጣል። አባትየው ሁለት ዓመት ታገሠ። ከዚያ በኋላ የጠበቀው አልመጣለትም። የእኛም በጀት እስከ ስምንተኛ ክፍል አድርሶ ልጅቱን አፋፉ ላይ ጥሏት ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

ስለ ጥቅሙ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማምንባቸውን ጥቂቶች ብቻ ላንሳ። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ሴት ልጆች 12 ዓመት ባለመማራቸው አገሮች የሚያጡት የዕድሜ ልክ ገቢ ከ15 እስከ 30 ትሪሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሏል። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ሴት ምንም ካልተማረችው በአማካይ ሁለት እጥፍ ገደማ ታገኛለች። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የምትቆይበት እያንዳንዱ ዓመት ከ18 ዓመቷ በፊት የመዳር ዕድሏን አምስት በመቶ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የኛን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። ዓመቱ ራሱ ይጠብቃታል።

ከገንዘብ በላይ የሚከብደኝ ግን የሕፃናቱ ነገር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የ175 አገሮችን መረጃ መረመረ። ከ1970 እስከ 2009 ድረስ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ሞት 8.2 ሚሊዮን ያህሉ ቀርቷል። ከዚህ ውስጥ 4.2 ሚሊዮኑ የቀረው እናቶች ስለተማሩ ነው ይላል ጥናቱ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። መድኃኒትም ክትባትም ገንዘብም የየራሳቸውን አድርገዋል። የእናት መማር ግን ይህን ያህል ሠርቷል።

ይህን ለማመን ላንሴትን ማንበብ አያስፈልግም። በየቀበሌያችን ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዩ። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኑ። ቤት ለቤት ዞረው ክትባት ያስለመዱ፣ መጸዳጃ ያስቆፈሩ፣ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ የላኩ እነሱ ናቸው። በአገራችን በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። እነዚያ ልጃገረዶች ስምንተኛ ክፍል ላይ ተድረው ቢሆን ኖሮ መንግሥት ማንን ይቀጥር ነበር? እነሱን አሥረኛ ክፍል ያደረሰ አባት ሁሉ፣ ስንቅ የቋጠረች እናት ሁሉ፣ የጎረቤቱን ልጅ አድኗል።

የመሬቱም ነገር አለ። ጎጃም ላይ መሬት ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለልጅ የሚሰጥ አልቋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ 5.7 ልጅ እንደምትወልድ አሳይቷል። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ትወልዳለች። ስንት ልጅ ልውለድ የሚለው የባልና የሚስት ጉዳይ ነው። የተማረች ሴት ግን መቼና ስንት የሚለውን የመወሰን አቅም አላት። ለልጇ ከመሬት ሌላ የምታወርሰው ነገርም አላት።

አሁን የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ተምራስ? ማትሪክ ወድቃ ልትመጣ!» ይሉኛል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ገበሬ ልጁን ለአራት ዓመት ከተማ አስቀምጦ ቀለብ መቁረጡ ኪሳራ ቢመስለው አልፈርድበትም። ግን ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሐሙስ ስንቋ ያለቀባት፣ ማታ በሩን ስትጠብቅ የምታድር ልጅ ከማን ጋር ተወዳድራ ነው የምታልፈው? ጸጥ ያለ ክፍል፣ መብራትና ሦስት ጊዜ ምግብ ስጧትና ከዚያ ውጤቷን እንይ። ሁለተኛ፣ ከላይ የጠቀስኩት የሕፃናት ሞት ጥናት ስለ ዲግሪ አያወራም። የሚያወራው ትምህርት ቤት ስለቆየችበት ዓመት ነው። 12ኛ ክፍል ደርሳ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች ልጅ የመድኃኒት መመሪያ ታነባለች፣ ሒሳቧን ትይዛለች፣ በ15 ዓመቷ አልወለደችም። ቴክኒክና ሙያ መግባት ትችላለች። ይህ ሁሉ ኪሳራ ሊባል አይችልም።

«ማደሪያ ቤት የኛ ባህል አይደለም፤ ሴት ልጅ ከወላጅ ርቃ አታድርም» የሚሉም አሉ። እኔ ለእነሱ የጎጃምን ታሪክ አስታውሳቸዋለሁ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር የሆኑት እንዴት ነው? ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር ልጅ በእግሩ መጥቶ ነው። አባቱን አናውቀውም፣ ዘሩን አንጠይቀውም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃችን ሲቆም እናቶቻችን ቁራሽ ሰጥተውታል። ጎጆ የሚሠራበት ቦታ ሰጥተነዋል። ይህ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ያለ በጀት፣ ያለ ፕሮጀክት፣ ያለ ዶላር ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሸክሞታል። ከቤቱ ርቆ የሚማርን ልጅ ማብላትና ማሳደር እኛ ለዓለም ልናስተምረው የምንችለው ነገር ነው። የቀረው ለሴት ልጆቻችንም ማድረግ ነው።

ሴት ልጅ ዕድል ስታገኝ ምን እንደምትሆንም እዚሁ አይተናል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተማሩ። አባታቸው «ሴት ነሽ፣ ደግሞም አታይም» ብለው ከጉባኤው አላስቀሯቸውም። በኋላ እሳቸው የአባታቸውን ወንበር ይዘው ወንዶችን ቅኔ አስተማሩ። በዚያ ዘመን፣ በዚህ ምድር፣ አንድ አባት ለልጁ ቦታ ስለሰጣት ብቻ። ስንት ገላነሽ በየቀበሌው ቦታ ሳታገኝ እንዳለፈች ሳስብ ያመኛል።

ጦርነቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የተዘጋው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው እንደነበር የትምህርት ቢሮው ራሱ ተናግሯል። ያኔ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጅ ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ቤት ዋለች። ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ትዳራለች። መሣሪያ ለያዛችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ላላችሁ፣ እንደ ታላቅ እህትም እንደ መምህርትም እለምናችኋለሁ፦ ትምህርት ቤትን ተዉልን። አትስፈሩበት። መምህሩን አታስፈራሩት። በመንገድ ላይ የምትሄደውን ልጅ አሳልፏት። እህቶቻችሁ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሴራሊዮን በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ በ2015 እ.ኤ.አ. ስትከፍት፣ በመሐል ያረገዙ ልጃገረዶች እንዳይመለሱ ከለከለች። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ክልከላው የተነሣው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ይህን አንድገመው። ያገባች ልጅ ብትመለስ ርእሰ መምህሩ በደስታ ይቀበላት። የወለደች ብትመጣ «የወለደች ከልጆች ጋር አትቀመጥም» የሚል ሰው አይኑር። ሕፃኗን የምታጠባበት አንድ ክፍል ከተገኘ ትማራለች። የማታ ትምህርት የምትመርጥም ትኖራለች፤ ማታ ስትወጣ ግን ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ይታሰብላት።

ወደ ጥያቄዬ ዝርዝር ልግባ።

ትምህርት ቢሮው በየወረዳው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጦ፣ በግቢው ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ የሚሠራበት በጀት ይያዝ። ቪላ አልጠየቅኩም። የቆርቆሮ ክዳን፣ የሚቆለፍ በር፣ መብራት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አንዲት በዕድሜ የበሰለች የቤት እናት። የቤት እናቷ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አባትየው ልጁን የሚያስረክበው ሰው ይፈልጋል። «ለእሜቴ እገሊት አደራ ሰጥቻታለሁ» ማለት ከቻለ እንቅልፍ ይወስደዋል። በእኛ አገር አደራ ትልቅ ነገር ነው።

ቤቱ እስኪሠራ አንድና ሁለት ዓመት መጠበቅ አንችልም። ስለዚህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሚኒስትሪ አልፋ ከገጠር ለምትመጣ ሴት ልጅ የኪራይና የስንቅ ድጎማ ይሰጥ። ገንዘቡ በእናቷና በእሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። እንደ ባንግላዴሹ የክፍል ክትትሏ ይታይ። የሚከራዩትንም ቤቶች የወላጅ መምህር ኅብረቱና ቀበሌው አብረው ይዩዋቸው። በሩ የማይቆለፍ ቤት ለሴት ተማሪ አይከራይ። ልጅን የሚተነኩል አከራይ ቢገኝ ስሙ ለፖሊስ ይድረስ፤ በሽምግልና አይሸፈን። ይህ የመጨረሻው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድፍረት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለሃይማኖት አባቶችና ለአገር ሽማግሌዎችም አንድ ቃል አለኝ። የንስሐ አባት የማያውቀው ሰርግ በገጠራችን የለም። ልጅቱ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ከማንም በፊት እናንተ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ሆናችሁ ስትላኩ አባትየውን «ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልን። የእናንተ አንድ ጥያቄ ከእኛ አሥር ስብሰባ ይበልጣል።

በውጭና በአዲስ አበባ ያላችሁ የጎጃም ልጆች ደግሞ ደግነታችሁን አይቻለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ለመንገድ፣ ለተፈናቃይ ስታዋጡ ኖራችኋል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው አንዲት ልጅን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያድርስ። ለሰርግ የሚታረድ የአንድ በሬ ዋጋ የአንዲት ልጅን የዓመት ኪራይ ሸፍኖ ይተርፋል። የምትልኩት ግን በየፌስቡኩ ለተለቀቀ ቁጥር አይሁን። ትምህርት ቤቱ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጋራ በሚፈርሙበት ሒሳብ ይሁን። ደረሰኝ ጠይቁ። የልጅቷን ፎቶ ግን አትጠይቁ። ድጋፍ ለማግኘት ድህነቷን በስልክ ለዓለም ማሳየት የለባትም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ከሁሉ የሚቀለው ነው። በየዓመቱ ስንት ሴት ልጆች ሚኒስትሪ እንዳለፉ ይነገረናል። ስንቱ ዘጠነኛ ክፍል እንደተመዘገቡና ስንቱ ሰኔ ላይ እንደተገኙ ግን በየቀበሌው አይነገረንም። መረጃው ትምህርት ቤቶቹ እጅ ላይ አለ፤ እኔ ራሴ ስሞላው ነበር። እያንዳንዱ ወረዳ ሦስቱን ቁጥሮች፣ ያለፉትን፣ የተመዘገቡትንና ሰኔ ላይ የተገኙትን፣ በቀበሌ ከፋፍሎ በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። የመጀመሪያውን በመጪው ጥቅምት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት
ምሥራቅ ጎጃም